«ሙከራ» ያልኩት ማከማቻ

ሰኞ፣ መጋቢት 3
ለሰው የማይነገር ጉድ... እዚህ ግን ልተንፍሰው። ዛሬ የመጽሔታችንን ሠራተኞች ሰብስቤ፣ ኮምፒውተር ላይ የፋይል ማከማቻ እንዴት እንደሚሰየም አስተማርኩ። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ፦ መጀመሪያ ክፍሉ፣ ቀጥሎ ሥራው፣ መጨረሻ ዓመቱ። በመሃል ክፍት ቦታ የለም። ለፎቶ አንሺያችን አዲስ ማከማቻ ከፍቼ ላሳይ ብዬ ስም ብጽፍ ማሽኑ «አይቻልም» አለኝ። ደገምኩ። «አይቻልም»።
«ይሄ ሕግ እናቱንም አያውቃት» አለ ሹፌሩ። ሳቁብኝ።
ሲወጡልኝ «ሙከራ» ብዬ ጻፍኩ፤ እሺ አለኝ። ነገ አስተካክለዋለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5
ስሙ... ነገ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8
ረሳሁት። «ሙከራ» የሚል ስም ያለው ሁሉ ዓርብ ይደመሰሳል፣ ቅጂም አይያዝለትም። ይሄም የራሴው ሕግ ነው።
ፎቶ አንሺው ለሽፋን ያነሳቸውን የድልድይ ሠራተኞች ፎቶዎች በሙሉ እዚያ አስገብቶ፣ ካሜራውን ባዶ አድርጎ ነበር። የዓርብ ተረኛዋ ሚዜዬ ደመሰሰችው። (ሠርጌ ላይ ቀሚሴን ይዛልኝ ከዞረች ወዲህ ሌላ ስም አውጥቼላት አላውቅም።) ሕጉን አክብራ ነው፤ ማን ይፈርድባታል?
አለቃችን ፈረደባት።
«ሙከራ ይላል እኮ ጋሼ» አለችው።
ወደ እኔ ዞረ። «በሕጉ መሠረት አይደል የሰየምሽው?»
አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። ከአፌ እንኳ አልወጣም... አንገቴ ነው የዋሸው።
ሚዜዬ አየችኝ። «እንግዲህ እኔ ተሳስቼ ይሆናል» አለች።
ሐሙስ ይወሰንባታል። ከሥራ ልትባረርም ትችላለች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11
ምሳ አብረን ወጣን።
«ለምንድን ነው ዝም ያልሽው?» አልኳት።
ዳቦዋን ገምሳ ግማሹን ሰጠችኝ። «ትናገራለች ብዬ ነዋ። እስከ ሐሙስ ቀን አለ።»
ምናለ ብትሰድበኝ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 12
ጠዋት አለቃችን ካፖርቱን ሳያወልቅ ገብቼ ነገርኩት።
«ሕግ አውጪዋ ራስሽ?»
«እኔው ነኝ ጋሼ። ራሴን የነቀነቅሁትም ውሸት ነው።»
ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለ። ነገ የሚወሰነው በእኔ ላይ ሆነ። እሷ ነፃ ናት።
ደስ ብሏት ታቅፈኛለች ብዬ ነበር፤ ሞኝ። ስመለስ ወንበሯን አንስታ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣለች። «ዘግይተሻል» አለችኝ፣ ሌላም አልጨመረች።
ነገ ከውሳኔው በፊት ዳቦ ይዤ ሄጄ ግማሹን እሰጣታለሁ። ተቀበለችኝም መለሰችልኝም፣ ማታ እዚሁ እጽፈዋለሁ... ሳልዋሽ።