አሥራ ሁለተኛው የገና ተጫዋች

ኅዳር 6፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ
አልበሜን ከፍቼ ካርዶቹን እንደገና ቆጠርኋቸው። አሥራ አንድ። ከጠላት ወረራ በፊት አንድ አርመን ፎቶ አንሺ የሰፈራችንን የገና ተጫዋቾች አንድ በአንድ አቁሞ፣ ዱላ አስይዞ ያነሣቸው። ወፍራም ካርቶን፤ ከግርጌው ስም። አምስት ዓመት ሙሉ ከየቤቱ ስለቅም ኖርሁ። የወንድሜ የአለባቸው አለ። የጎደለኝ የይርጋ ብቻ። እናቱ እማማ ደስታ ትክል ድንጋይ የሚባል አገር ይኖራሉ አሉኝ። ማስታወሻዬ፣ እሄዳለሁ።

ኅዳር 13፣ እሑድ፣ 11 ሰዓት
ትናንት ሄጄ አሁን ገባሁ። እግሬ ቆስሏል። እማማ ደስታ ዓይናቸው ደክሟል፤ የአለባቸው ወንድም መሆኔን በድምፄ ለዩ። አቅፈውኝ አለቀሱ። ይርጋና አለባቸው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሸለቆ ነው የወደቁት። አስከሬናቸው አልተገኘም።
ካርዱን ከነጠላቸው እጥፋት አወጡት። በጣታቸው ዳበሱት። ከአለባቸው ካርድ ጎን ላኑረው፣ ይስጡኝ ብዬ ለመንሁ። እምቢ አሉ። የልጄ መቃብር ይኸ ነው አሉ። ዋሸሁ። ጎንደር ቅጂ አስነሥቼ ለገና እመልሳለሁ አልሁ። አምነው ሰጡኝ።
መንገዱን ሙሉ ደስ እያለኝ መጣሁ። ስጽፈው አፈርሁ። ደስታው ግን አልጠፋም።

ኅዳር 14፣ ሰኞ
አልበሙ ላይ ለጠፍሁት። በሙጫ፣ ከአለባቸው ጎን። አሥራ ሁለት ሞላ! ከት/ቤት መልስ ሦስቴ ከፍቼ አየሁ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና
ልጆች ሜዳው ላይ ሩር ሲመቱ ይሰማኛል። አልወጣሁም። ትክል ድንጋይም አልሄድሁም። ራሴን አሞኛል። ሐሰት፤ ምንም አላመመኝም።

ጥር 5፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት
እማማ ደስታ መጡ። በእግራቸው፣ ጎረቤታቸው እየመራቻቸው። ከማስተምርበት ክፍል ተጠርቼ ወጣሁ፤ ት/ቤቱ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፎቶ አንሺው ካርዱን አሥመራ ልኮት አልተመለሰም አልኋቸው። እሳቸውም፦
«እንግዲያው መልኩን ንገረኝ፣ ልጄ። ዓይኔ ከድቶኛል። እየጠፋብኝ ነው።»
ነገርኋቸው። የግራ ቅንድቡን ጠባሳ። የጎደለችውን የሸሚዝ ቁልፍ። ዱላውን በግራ እጁ መያዙን። ጥላው ግድግዳው ላይ መውደቁን ሳይቀር። ማቆም አቃተኝ። ዛሬ ጠዋት እንዳየ ሰው። ያየሁትም ዛሬ ጠዋት ነው።
ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።
«ከወንድምህ ጎን ነው ያስቀመጥኸው?»
በእጄ የቀረውን የጠመኔ ዱቄት በሱሪዬ ጠረግሁ።
«ሸጋ ነው» አሉ። «ብቻቸውን አይደሉም።»
በጎረቤታቸው ትከሻ ተደግፈው ተነሡ። እህል ቅመሱ እንኳ አላልኋቸውም። እስኪርቁ በሩን ይዤ ቆምሁ።

ጥር 6፣ ሐሙስ
ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። ምነው አልሰደቡኝም?
ካርዱን ልነቅለው ሞከርሁ። ሙቅ ውኃ፣ ከዚያ ቢላዋ። ተቀደደ። ከይርጋ አገጭ በታች ያለው ሁሉ ተልጦ አልበሙ ላይ ቀረ። ፊቱ ተርፏል። ጠባሳውም። በመዳፌ ይዤ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥሁ አላውቅም። ይርጋን አንድ ጊዜ ጠላት ገደለው፤ ሌላውን ጊዜ እኔ።
ለርእሰ መምህሩ የሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቄአለሁ።

ጥር 7፣ ዓርብ፣ ጠዋት 12 ሰዓት
አያ ፈንቴ በቅሎ አከራይተውኛል። በር ላይ ጭነው እየጠበቁኝ ነው። የአለባቸውን ገጽ ከነካርዱ በመቀስ ቆረጥሁት፤ ከተረፈው የይርጋ ፊት ጋር በአንድ ጨርቅ ጠቀለልሁት። ሁለቱንም እማማ ደስታ ዘንድ አኖራለሁ። የወንድሜ ሌላ መልክ የለኝም። ይሁን።
ዋሽቻለሁ እላቸዋለሁ። መቀደዱንም እነግራቸዋለሁ፤ በጣታቸው ዳብሰው ሳያውቁት፣ እኔው ቀድሜ፣ እግራቸው ሥር ወድቄ። አያ ፈንቴ ፀሐይ ሳትበረታ ና እያሉ ይጣራሉ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም።