እናትሽ ኮረብታው ላይ የተናገረችው

ለእህቴ ልጅ፣ ጤናና ዕድሜ አይጉደልብሽ። ለእናትሽ የላክሽው ጫማ ግን በየእርምጃው እየጮኸ ጆሮዬን በላው! ምናለ ለእኔም የጆሮ ጥጥ ብትጨምሪበት?

ሐኪሟ ለጭንቀቷ ይበጃታል ብሎ በየሳምንቱ ገጠር ከሚወጣ የእግር ተጓዦች ቡድን ጋር ቀላቅሏታል፤ እኔም አጃቢ ነኝ። ደንባቸው ድንጋይ ይዞ ኮረብታ መውጣት ነው። እላይ ሲደርሱ እያንዳንዱ ያስጨነቀውን ተናግሮ ድንጋዩን ይጥላል።

የእናትሽ ተራ ሲደርስ፣ «አንድ ልጄ ሞታብኛለች» አለች። ሰዉ ሁሉ ተላቀሰ።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ሁለት ዓመት ድምጿን አልሰማሁም ልበል? ልጇ ለሞተባት ሰው ያዝናል፤ ልጇ የረሳቻትን ግን ይታዘባታል።»

የሚገርምሽ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፏ ተስተካክሏል። ቢሆንም እባክሽ፣ ጫማው ይቅርና ደውይላት። «እማዬ» ማለት መቼም አልጠፋሽም።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። የቡድኑ መሪ ናት፤ ተጓዦቹን በሙሉ ጥቁር አስለብሳ ለቅሶ ልትደርሰን መጥታለች። እናትሽ «ለለቅሶው የልጄን ፎቶ ከግድግዳው አውርድልኝ፤ የምትስቅበትን ግን ተወው» እያለችኝ ነው።

በይ እንግዲህ፣ ልሂድና ላልቅስልሽ። እግዜር ያኑርሽ።

አጎትሽ