የቦይለሩ ቀይ መብራት

ደብረ ታቦር፣ እሑድ ታኅሣሥ ፱

ትናንት የአባባን ተዝካር አወጣን። ዛሬ ገላዬን ልታጠብ የቦይለሩን ሶኬት ሰካሁ። አባባ ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ መመላለስ ሲያቅታቸው ቦይለሩን እኔ ነኝ ያስገባሁላቸው።

እማዬ ከበር ሆና "ቶሎ ግቢ፣ ቀይ መብራቱ ሳይጠፋ!" አለችኝ።

"እማዬ፣ መብራቱ የሚጠፋው እኮ ውሃው ሲሞቅ ነው።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "አባትሽ ገና እንደበራ ነበር ተጣድፈው የሚገቡት። ሲጠፋ 'ይኸው ተበላሸ' ብለው ይነቅሉታል። እየተንዘፈዘፉ ነበር የሚወጡት። 'ለልጄ እንዳትነግሪያት፣ ይከፋታል' አሉኝ።"

በስልክ "ውሃው እንዴት ነው?" ባልኳቸው ቁጥር "ወንዛዬን አስረሳኝ፣ ልጄ፤ እግዜር ይስጥሽ" ይሉኝ ነበር።

መብራቱ ጠፋ። ቧንቧውን ከፍቼ እጄን ሰደድኩ። ይፋጃል።