ቆሞ መብላት

ጅጅጋ፣ ኅዳር

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? የዘንድሮው ውርጭስ በረታ? አባዬ፣ ጎረቤቱ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ሰላም ነው ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ሰው ታሞም ይጽፈዋል፤ እኔም በስልክ ስንት ጊዜ ብዬሻለሁ። የዛሬው ግን የእውነት ነው። ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ቁጭ ማለት ምን ወሬ ሆኖ ይጻፋል ትይ ይሆናል፤ ቆይ፣ ትደርሽበታለሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገሽ ስለምታወሪ ነው። የእኔን ነገር ደግሞ ደብረ ብርሃን በሙሉ እንዲሰማው አልፈልግም። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው። ለአባዬም ቢሆን ጮክ ብለሽ እንዳታነቢለት።

ኪንታሮት አሞኝ ነበር እማዬ። መልአክን ከወለድኩ ጀምሮ። ይኸው ጻፍኩት፤ እጄም አልተቆረጠ። ደም ባየሁ ቁጥር መሞቴ ነው እያልኩ፣ ለትግሉ እንኳ፣ ለገዛ ባሌ፣ ሳልነግረው ኖርኩ። ክፍል ውስጥ ቆሜ አስተምራለሁ፤ ስብሰባ ላይ በሩን ተደግፌ እቆማለሁ። ርዕሰ መምህሩ የማትደክም አስተማሪ ብሎ በሰው ፊት አመሰገነኝ። ትግሉ ለሥራ ደገሀቡር በሄደበት ሳምንት ሕመሙ ሲጠናብኝ፣ ከሰፈራችን ራቅ ያለ ክሊኒክ መርጬ፣ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ሄድኩ።

ሐኪሙ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ ይሄማ የብዙ ሰው ነው አለኝ። በመርፌ አደነዘዘኝና ከነርሷ ጋር ስለ ጅጅጋ ነፋስ እያወራ ሠራው። ጨርሻለሁ፣ ልበሺ ሲለኝ እኔ ገና የሚጀምር መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ነገር ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ አስደነቀኝ፤ እንባዬ መጣ። በዚያው ቀን ወደ ቤቴ ሂጂ ተባልኩ። የተመለስኩት በባጃጅ ነው፤ ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ፣ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ያልጠራሁት ቅዱስ የለም። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ነው መሰል ቀስ አድርጎ ነዳልኝ።

እዚህ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ግቢው ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። ምንሽን ነው ሲሉኝ ወገቤን አልኩ። በማግሥቱ ባለሱቋ ጎረቤታችን ኬሪያ ወጌሻ ይዛልኝ ከተፍ አለች! ወጌሻዋ እጇን ዘይት ቀብታ በርጩማው ላይ ተቀመጪ አለችኝ። እምቢ ብል ነገሩ ሊታወቅብኝ ነው። እሺ አልኩና ተቀመጥኩ። ጩኸቴ አስፋልቱ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ጥጉ ላይ ኤዶ ረቢዓ ተቀምጣ ነበር። ኤዶ እዚህ አክስት እንደማለት ነው። የግቢው ባለቤት ናት፤ የግመል ነጋዴ፣ ሽማግሌዎቹ እንኳ ሳያማክሯት ነገር የማይቋጩ፣ ስትስቅ ሰምቼያት የማላውቅ ሴት። ዓይኗ አልጋዬ ሥር ወዳለው ሳፋ ሄደ። ለብ ባለ የጨው ውሃ እየተዘፈዘፍኩ እንድቀመጥ ሐኪሙ አዞኝ ነበር። ወጌሻ ይብቃ አለች። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ "ይሄ እኔም ነበረኝ" አለች። "በመጀመሪያ ልጅ ያዘኝ። ልጆቼ እስኪያድጉ ቆሜ በላሁ። ሰው ረቢዓ ኩሩ ናት፣ ከሰው ጋር አትቀመጥም ይላል። ኩራት አይደለም፣ ሕመም ነው። ሐኪም አየኝ፣ ዳንኩ። ነውር የለም።"

እማዬ፣ እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም። ሻሿ ሸርተት እንዲል እንኳ የማትፈቅድ ሴት የእኔን እፍረት ለመሸፈን የራሷን ገለጠችው። ጉልበቷን ብስም ደስ ባለኝ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ደግሞ ስሚኝ። በማግሥቱ ኬሪያ ጃንጥላ ረስቼ ነው ብላ መጣች፤ ዝናብ ካየን ቆይተናል። በሩን ዘጋችና ክሊኒኩ የት ነው አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ወጌሻዋ! ለእህቴ ነው የምጠይቅሽ አለች። ተቀመጪ ብላት እቸኩላለሁ፣ አልደከመኝም እያለች ቆማ ቀረች። እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ መጡ። ሰላም እያልኩት የኖርኩት ሰው ለካ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚቀመጠው። ዝምታው ከሕመሙ ይበልጣል።

ሐኪሙ ይሄ ሕመም በቤተሰብ አለ ወይ ብሎኝ ነበር። የለም አልኩት፣ ቆፍጠን ብዬ። ኤዶ ረቢዓ ቆሜ በላሁ ስትል ግን አንቺ ፊቴ ላይ ድቅን አልሽ። የማርያም ማኅበር ቤታችን ሲገባ ሰው ሁሉ ተቀምጦ አንቺ ዳቦ ስታዞሪ፣ ጠላ ስትቀጂ፣ እሷ እኮ ስታስተናግድ ነው የምትጠግበው ሲሉሽ። ቤተ ክርስቲያን ሴቱ ሁሉ ቁጭ ሲል አንቺ ግድግዳውን ተደግፈሽ ስትቆሚ፣ ሰው በጸሎትሽ ሲቀና። በርበሬ የማልነካው ለጨጓራዬ ነው ስትዪን። መልአክ ክርስትና ሲነሳ ነይ ብልሽ "መንገዱ" አልሽኝ። መራመድ ሲጀምርም "መንገዱ" አልሽኝ። ልጄን ልታየው አልፈለገችም ብዬ አኩርፌሽ ነበር። ያቺን አጭር መንገድ በባጃጅ ስሄድ ነው መንገዱ የገባኝ።

ምንም አልጠይቅሽም። መልስም አትጻፊልኝ። ብቻ ጅጅጋ እንደሚያወሩት ሐሩር አይደለችም፤ ነፋሻ ናት። የማን ሚስት፣ የማን እናት እንደሆንሽ እዚህ የሚያውቅ የለም። ኤዶ ረቢዓ እናትሽ መቼ ነው የምትመጣው እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታኛለች፤ የምታርፊበትን ክፍል አስጠርጋዋለች። አዲስ ሳፋም ገዝቼ አስቀምጬልሻለሁ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ፅዮን የሥራ ባልደረባዬ ናት። እዚያው ቤተሰቦቿን ጠይቃ ትመለሳለች፤ ስትመለስ አብረሻት መምጣት ትችያለሽ። በእጇ አንድ በአየር የሚነፋ፣ መሀሉ ክፍት የሆነ ትራስ ልኬልሻለሁ። አውቶቡስ ላይ ነው የሚያስፈልግሽ። ስትነፊው በጣም አታወጥሪው። ምንድን ነው ካሉሽ ለአንገቴ ነው በያቸው።

የማርያም ልጅ መንገድሽን ያሳጥርልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልሽ። አባዬን ሳሚልኝ። መልአክ አያቴ ልትመጣ ነው ብሎ ለግቢው ሁሉ አውርቷል፤ ውሸታም እንዳታደርጊው።

መንገድ መንገዱን የምታይ
ልጅሽ