አንገትሽን ዘንበል አርጊ

እንጅባራ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለሳዲቅ
አሶሳ

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን አለህ ከማለቴ በፊት አንድ ጠዋት ላስታውስህ። በሠርጋችን ማግስት፣ ዳንግላ እናትህ ቤት፣ የእጄ ሂና ገና ሳይደበዝዝ፣ እናትህ ፌስታል ይዘው ወደ ጫጉላው ክፍል ገቡና «አፊያ ልጄ፣ እስቲ አንገትሽን ዘንበል አርጊልኝ» አሉኝ። ዱዓ ሊያደርጉልኝ መስሎኝ ዘንበል አልሁ። ጣታቸው ማጅራቴ ላይ የሐብሉን ቁልፍ ሲፈልግ ተሰማኝ። ሐብሉ ወለቀ። ቀጥሎ አምባሮቹ፣ ቀጥሎ የጆሮዬ። ሽንኩርት እየገዙ ይመስል አንድ በአንድ ፌስታሉ ውስጥ ጣሏቸው። «የወርቁ ባለቤት ባጃጅ ውስጥ ሆና እየጠበቀች ነው፤ ከረፈደ የሌላ ቀን ኪራይ ታስከፍለናለች» አሉ።

«የወርቁ ባለቤት እኔ አይደለሁም ወይ?» አልሁ።

አንተ በሩ ላይ ቆመህ ስልክህን ትነካካ ነበር። ቀና እንኳን ሳትል «ቀስ በይ፣ ግቢው ውስጥ እንግዳ አለ» አልኸኝ።

በመስኮት ስመለከት ባጃጁ ውስጥ የተቀመጠችው ያቺ ቢጫ ሻርፕ የለበሰች ሴት ነበረች። የአባትህ እህት መስላኝ ነበር እኮ! በኒካሁ ዕለት ከጎኔ ንቅንቅ አላለችም። ስቀመጥ ትቀመጣለች፣ ስነሳ ትነሳለች፣ መጸዳጃ ቤት ስገባ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ጉልበቷን ስሜያለሁ። «እትዬ» ብያታለሁ። ዘንገና ሐይቅ ዳር ፎቶ ስንነሳ፣ ፎቶ አንሺው «ሙሽሪት፣ ትንሽ ወደ ውኃው ጠጋ በይ» ሲለኝ «ወየው! እንዳትወድቂ ልጄ!» ብላ የጮኸችው ትዝ ይልሃል? ክንዴን ይዛ ትንቀጠቀጥ ነበር። አንተና ጓደኞችህ ሳቃችሁ። እኔ ግን ልቤ ተነካ። ለእናቴ ደውዬ «አንዲት አክስት አለችው፣ እንዴት እንደምትሳሳልኝ ብታዪ» አልኋት። ለካ የምትሳሳው እኔ ውኃ ውስጥ ስገባ አብሮኝ ለሚገባው ሐብል ኖሯል።

ያን ፎቶ ደግሜ አየሁት። እኔ ስስቅ፣ አንተ ስትስቅ፣ ከኋላችን ደግሞ ያቺ ሴት ዓይኗን አንገቴ ላይ ተክላ። ግድግዳው ላይ ሰቅለኸው ሄድህ። እኔ አውርጄ ፊቱን አዙሬ አስቀምጬዋለሁ።

ወርቅ ባለመኖሩ የተናደድሁ እንዳይመስልህ። ከመጋባታችን በፊት ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚኒባስ ስንሄድ ምን እንዳልሁህ አንተም አትረሳውም። «ለመህር ቁርዓንና የብር ቀለበት ይበቃኛል» አልሁህ። ሳቅህ። «መምህሯ ቀለበት ብቻ ተሰጣት ሲሉ ሰው ምን ይለኛል?» አልኸኝ። እኔ ምን እንደምል አልጠየቅኸኝም። መህር፣ ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ስጦታ፣ የሴቷ ነው፤ የአባቷም የባሏም አይደለም። ገና ካልሰጠሃት ዕዳህ ነው፤ ዕዳ መሆኑን መናገር ደግሞ ነውር የለውም። «ኋላ እሰጣታለሁ» ብትል ማን ይከለክልህ ነበር? አንተ ግን በምስክሮች ፊት፣ በአባቴ ፊት፣ የመስጊዱ ኢማም እጃችሁን ይዘው ስለ መህሩ ወርቅ ሲጠይቁህ «በእጇ ነው» አልህ። ያን ቃል ስትናገር ቢጫ ሻርፕ የለበሰችው ሴት ከሴቶቹ ክፍል ከኔ ጋር ተቀምጣ እልል ትል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቀዋለህ፤ ግን ማንም ፊት ለፊት ስላልነገረህ እኔ ልንገርህ። ከባሕር ዳር መኪና አስመጣህ፤ ያ ሁሉ መኪና የተከራየው ከእናትህ ቤት እስከ አባቴ ቤት በእግር ለሚኬድ መንገድ ነው። በሰማይ ላይ የሚበር ካሜራ አስመጣህ፤ የበሬው ሥጋ ተርፎ ለውሻ ሲጣል እሱንም ቀርጾታል። ሠርጉ አለፈ፣ አንተ ግን አላለፈልህም። ሻይ ቤት ገብተህ ማን ምን እንዳዘዘ ሳታይ «ሂሳቡ በእኔ ነው!» ትላለህ። ሱቅህ ውስጥ ጨርቅ እየሳሳ፣ ግድግዳው እየታየ፣ አንተ አዲስ ስልክ ገዛህ። «ሳዲቅ ካለ ኪስ አያስፈልግም» ብለው የሚያሞካሹህ ሰዎች፣ አንተ ወደ አሶሳ ከሄድህ ወዲህ አንዳቸውም «እንዴት ነሽ» አላሉኝም። ከአንዱ በቀር።

እሱም ሀቢብ ነው፤ ለሠርጉ ያበደረህ የአዲስ ቅዳሙ ከሰል ነጋዴ። ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። በሩ ላይ ዝናብ እየወረደበት ቆሞ አገኘሁት።

«መምህርት፣ ከክፍል አስወጣሁሽ?»

«የለም ጋሼ ሀቢብ፣ ጨርሻለሁ።»

«ባልሽ ስልኩን ዘጋብኝ። እኔ ከሰል ነጋዴ ነኝ፤ የሚጠቁረው እጄ ነው እንጂ ሆዴ አይደለም። በሴት ልጅ በር ላይ ቆሞ ብር መጠየቅ አልወድም። ግን ያ ሠርግ ላይ እኮ እኔም ሁለት ሳህን ሥጋ በልቻለሁ። የበላሁት የራሴን ብር መሆኑን አሁን ነው ያወቅሁት።»

ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «ግን ያን የመሰለ ወርቅ ለምን ሸጥሽው?» አለኝ።

«ማን ነው የሸጠው?»

«ሳዲቅ ነዋ የነገረኝ። ‹ወርቁን ሸጣ ለአባቷ ቤት ቆርቆሮ አለበሰችበት፤ እኔ ባዶ እጄን ቀረሁ› አለኝ። እንዲያውም አዝኜለት ነው ጊዜ የጨመርሁለት።»

ሳዲቅ! ያን ቆርቆሮ የገዛሁት ገና ሳንተጫጭ በደመወዜ ነው። ከመኪና ያወረድኸው አንተ ነህ። ምስማር እያቀበልህ ከአባቴ ጋር የዋልኸው አንተ ነህ። አባቴ «ይህ ልጅ ጨዋ ነው» ያለው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ሁሉ ውሸት መርጠህ መርጠህ ያን ቀን አነሳህ? ሐብሉን ሲያወልቁብኝ ተቆጣሁ፣ አዘንሁ። ይህን ስሰማ ግን ቁጣ አልመጣም። ተጸየፍሁ። ልብስህ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ማየት አስጠላኝ።

ለሀቢብ ግን ያን ቀን እውነቱን አልነገርሁትም። «እናስብበታለን» ብዬ ሸኘሁት። ስምህን ልጠብቅ ብዬ የራሴን ስም አስረከብሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዳንግላ ደርሷል። ወላጆቼን ልጠይቅ ስሄድ እናቴ ዋሂዳ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለአባትሽ አልነግረውም። የዚህን ቆርቆሮ ዕዳ የከፈልሽው በዚያ ወርቅ ነው?» አለችኝ።

እናቴ ናት ይህን የጠየቀችኝ። ሰው ቤት ለቅሶ ተቀምጣ «ልጅሽ የባሏን ወርቅ በላች» ሲሉ ሰምታ፣ ቤቷ ገብታ፣ በሰረቀ ሰው ጣሪያ ሥር ያለች ያህል ተሸማቃ። «አይደለም እማ» አልኋት። አመነችኝ ወይስ አላመነችኝም፣ እስካሁን አላውቅም። ለዚህ ይቅር የምልህበትን መንገድ እየፈለግሁ ነው፤ አላገኘሁትም።

አጎትህ ሼህ ሙሐመድሰዒድ ደግሞ ቤታቸው አስጠሩኝ። የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር እንዳለን ከማን እንደሰሙ አልጠይቅህም።

«ልጄ፣ በደመወዝሽ ብድር ውሰጂና የሀቢብ ነገር ይዘጋ። የባልና የሚስት ኪስ አንድ ነው።»

«ሼህ፣ ኒካሁ ላይ ምስክር እርስዎ ነበሩ አይደል?»

«ነበርሁ።»

«‹መህሯ በእጇ ነው› ሲል ምን አሉ?»

«አልሐምዱሊላህ አልሁ።»

«ወርቁ የኪራይ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

መቁጠሪያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «በዚህ ከተማ ስንቱ እንዲህ ያገባል መሰለሽ? የቤት ገመና ነው። አንቺም አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ ብታልፊው...»

ይህን ቃል ሲናገሩ የእናትህ ጣት እንደገና ማጅራቴ ላይ ተሰማኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሼህ» ብዬ ተነሳሁ። የቀረበልኝን ሻይ አልጠጣሁም። ሳልጠጣ መውጣቴን እንደ ስድብ ቆጥረውታል አሉ፤ ትክክል ቆጥረዋል።

እንጅባራ ሰኔው ከብዷል። ጭጋጉ እስከ እኩለ ቀን አይነሳም። ሱቅህ እንደተዘጋ ነው፤ ቁልፉን እኔ ይዣለሁ። ጃኬትህን ትተኸው ነው የሄድኸው፤ አሶሳ ሙቀት ነው ብለህ ይሆናል፣ ግን ከዝናብ በኋላ እዚያም ማታ ማታ ይበርዳል ይላሉ። ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልህ ነጋዴ እጅ ልኬልሃለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ያን ነገር ካወራን በኋላ ከዳንግላ ገበያ የገዛህልኝን የብር ቀለበት አላወለቅሁትም። በራስህ ገንዘብ የተገዛ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ትርጉም አትስጠው።

አሁን የምልህን ስማ። በሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ አባቴና አጎትህ፣ ኢማሙም፣ እናትህ ቤት እንዲሰበሰቡ ጠይቄያለሁ፤ እሺ ብለዋል። ሀቢብንም ጠርቼዋለሁ። ና። ወርቅ ይዘህ አትምጣ፤ ወርቅ አልፈልግም። «በእጇ ነው» ባልህበት አፍ «በእጇ አልነበረም፣ አልሸጠችም፣ ዋሸሁ» በል። እናቴ ትስማው። ከዚያ በኋላ ሱቁን ሸጠህም ሆነ ከሰል ተሸክመህ የሀቢብን ትከፍላለህ። ያን ከተናገርህ፣ ዕዳህ እስኪያልቅ ዓመት ሙሉ ሽሮ ብንበላ እኔ አላፍርም። የሚያሳፍረኝ ያ ሥጋ ነው።

ካልመጣህ ግን እኔ እናገረዋለሁ፤ የዚያችን ቢጫ ሻርፕ የለበሰች ሴት አድራሻ አግኝቻለሁ፣ እሷም ትጠራለች። በስሜ ብድር አይወሰድም። ለአንተ ዕዳ የሚሆን ፊርማ የለኝም። ያልነበረኝን ወርቅ «በላች» ብሎ የሚያማኝን ሰው፣ እናትህም ይሁኑ አጎትህ፣ ከእንግዲህ በዝምታ አላልፍም። የአባቴን ጣሪያ በአፍህ እንድታነሳም አልፈቅድልህም።

አላህ ባዶ ኪስህ የማያሳፍርህ ሰው ያድርግህ። መንገዱን ሰላም አድርጎ ያምጣህ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ነገር ግን ብትመጣም ባትመጣም ይህን እወቅ፦ ዱዓ ነው ብለው ቢጠሩኝም፣ ገመና ነው ብለው ቢለምኑኝም፣ ለማንም አንገቴን ዘንበል አላደርግም።

እስከዚያ እሑድ ድረስ ሚስትህ፣
አፊያ