የዘገየው ቡድን

ኅዳር 9
ብርድ። ሰቆጣ ዛሬ ጉም ለብሳ ዋለች። ከጋዝጊብላ ነጩ ማር ገብቶ በርሜሉ እስከ ማሸጊያው በር ሞልቷል።
ከአመራር ሥልጠና ከተመለስኩ የመጀመሪያ ቀኔ። ሠራተኛውን ለሁለት ከፈልኩት፤ አንዱን ቡድን ለትርፌ፣ ሌላውን ለቅጣው። ሁለቱም ያጣራሉ፣ ያሽጋሉ፣ ይወዳደራሉ። ከዚያ ስለ ፍጥነት ስብሰባ ጠራሁ። እስከ ምሳ ቆየን። አንድም ጠርሙስ አልተሞላም... በፍጥነት ጉዳይ ግን ተግባብተናል።

ኅዳር 11
ባለቤቱ፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ ደወሉ። የባሕር ዳሩ ደንበኛ ማሩን በወሩ መጨረሻ ይፈልጋል፤ ከዘገየ ሌላ ቦታ ይገዛል። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሁለት ቡድን ማስተዳደር አልቻልኩም። ትእዛዙ ሲያልቅ የዘገየውን እናሰናብታለን። የትኛው እንደሆነ አንቺ ትነግሪኛለሽ" አሉ።
እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ኅዳር 14
የቅጣው ቡድን ዘገምተኛ ነው። በሄድኩ ቁጥር ቁጭ ብለው ነው የማገኛቸው። ማንን ነው የምትጠብቁት ስለው፣ አንቺን አለኝ። አክብሮት መሰለኝ።

ኅዳር 16
ትናንት የነቢያት ጾም ገባ። እኔ ያልቀመስኩት በርሜል አይታሸግም፤ ስኳር የተቀላቀለበት ቢያልፍ ስማችን ጠፋ ማለት ነው። እየጾምኩ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልቀምስም። ስለዚህ ማሸግ ከዘጠኝ በኋላ ይሁን አልኩ። ጠዋቱን ምን እንሥራ? ስለ መዘግየት ተሰበሰብን።

ኅዳር 19
ለአቶ ወልደ ሐዋርያት በስልክ "የቅጣው ቡድን ነው" ብዬ ጻፍኩ። አልላክሁትም። የቅጣው ሚስት ዕቃ ልታቀብለው መጥታ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ ባንቺ ነው ልጆቼን የማሳድገው አለችኝ። ስልኩን ከኋላዬ ደበቅኩት፤ የምታነበው ይመስል...

ኅዳር 20
አጎቴ አስከተማ ከተማ ላይ አረፉ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለትርፌ ሰጥቼ ለለቅሶ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ፣ ያለ እኔ ምን ይውጣቸው እያልኩ አለቀስኩ። አብረውኝ የተሳፈሩት ለአጎቴ መስሏቸው አባበሉኝ።

ኅዳር 24
ተመለስኩ። መጋዘኑ ባዶ! ተዘርፈናል ብዬ ጮህኩ። ትርፌ ወጥታ፣ ተጭኖ እኮ ሄደ አለችኝ። ትናንት። ሁሉም።
ማን ቀመሰው? እሷ ናታ። ነፍሰ ጡር ስለሆነች አትጾምም፤ ከማለዳ ጀምራ ትቀምሳለች። ውድድሩንም ትተውታል፤ የቅጣው ሰዎች ያጣራሉ፣ የእሷ ያሽጋሉ። ስብሰባስ አልኳት። ጊዜ አላገኘንም አለች።
ማስተዋል ብሎ ስም ያወጣልኝ ማን ነበር?

ኅዳር 25
አቶ ወልደ ሐዋርያት ደወሉ። የትኛው ቡድን ነው የዘገየው አሉ።
"እኔ ነኝ።"
እሳቸው፣ "አንቺ ደግሞ መቼ ቡድን ሆንሽ?"
ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅምሻውን፣ ስብሰባውን፣ ሰው ሁሉ እኔን ሲጠብቅ መዋሉን። ማንም አይሰናበት፣ ቦታዬን ለትርፌ ይስጧት፣ እኔ ከታች ልሥራ አልኩ። አስቤበት እደውላለሁ ብለው ዘጉት። ምን ነካኝ? ደግሞ ቀለል አለኝ።

ታኅሣሥ 4
ማንም አልተሰናበተም። ትርፌ ኃላፊ ሆነች። እኔ ቅጣው ሥር ሆኜ ጠርሙስ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። የመጀመሪያውን አጣመምኩት፣ ሁለተኛውን ዘቅዝቄ ለጠፍኩ፤ ሦስተኛው ከጣቴ አልላቀቅ አለ። ጠርሙሱ ፊቴ ተከመረ። ማንም ቶሎ በይ አላለኝም።
ማር ሊያስረክብ የመጣ አንድ ገበሬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ ይቺ ምን ሆና ነው ብሎ ቅጣውን ጠየቀው።
ቅጣው ፈገግ እንኳ አላለም። "አዲስ ናት" አለው፤ "ትለምዳለች።"