በእርስዎ ድምፅ የገባሁት ቃል

ውድ እማማ ያለምወርቅ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ የጤና ጥያቄ ይቀድማል ብለው አስተምረውን ነበር። የእርስዎን ጤና ግን ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ። ጫግኒ ይሞቃል፣ ሴት ልጅዎ ምሕረት አራስ ናት፣ ገንፎው አይቋረጥም፤ ለአራሷ ከተገነፋው ደግሞ ግማሹን ማን እንደሚያነሣው አልጠራጠርም። ስለዚህ ጥያቄውን ዘልዬዋለሁ። ምሕረት፣ መቼም የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና እንደ ዜና አንባቢ አትሩጪ። የሚያስቅ ቦታ ላይ ቆም በይላቸው። ባይስቁም ጠብቂ።

ስልክ ያልደወልኩት እሑድ ከሰዓት በኋላ የመጣው ውሽንፍር መብራቱንም ኔትወርኩንም ይዞት ስለሄደ ነው። ቢኖርም አልደውልም ነበር። በደወልኩ ቁጥር ልጅዎ ስልኩን ከእጄ ይነጥቅና "ደህና ነኝ እማ፣ ድንቹም ደህና ነው" ብሎ ይዘጋዋል። ወረቀት አይነጥቀኝም፤ አሁን ተኝቷል።

ልጅዎ ደህና አይደለም። ድንቹም ደህና አይደለም። በድንቹ ልጀምር፣ እሱ ይቀላል።

በረዶው የባቄላ ፍሬ ያህላል። የድንቹን ቅጠል ቆራርጦ አገዳውን ብቻ ስላስቀረው ማሳው በመጥፎ ምላጭ የተላጨ ራስ መስሏል። የቀርቀሃው አጥር ተኝቷል፤ እንደ ልጅዎ። ፈረሳችን ዳማ ገመዱን በጥሶ ጠፋና ስፈልገው አመሸሁ፤ ዘንገና ዳር ቆሞ እንደ ቱሪስት ሐይቁን ሲያይ አገኘሁት። ነፋሱ ከጓዳው በላይ ያለውን ቆርቆሮ ገንጥሎ ይሄነው በረት ውስጥ ጥሎታል። ጋሪ ያለው ጎረቤታችን ይሄነው "ላሜን ሊገድላት ነበር" ይላል፤ ላሟ ግን ያቀረበችው ቅሬታ የለም።

ዋናው ነገር መንገዱ ነው። ልጅዎ አዝመራው በጋሪው መንገድ ዳርና ዳር የተከለው የዲከረንስ ዛፍ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ ወድቆ መንገዱን ዘግቶታል። እርስዎ ገና ችግኝ ሳለ "ይህ ዛፍ ከመንገድ ይራቅ" ብለውት ነበር። ምሕረት፣ እዚህ ላይ እማማ "አላልኩም?" ማለታቸው አይቀርም። ይጨርሱና ቀጥዪ።

አሁን ወደ ልጅዎ። ወባ ነው። ቆላ ወርዶ መሬት ሲመነጥር ይዞት የመጣው ነው። ሲመለስ እርስዎ ዘንድ ያደረ ዕለት "ትንሽ ራሴን ነው" ብሎዎት ነበር አይደል፤ ራሱን ብቻ አልነበረም። የጤና ኬላዋ ልጅ ክኒን ሰጠችው፣ ዋጠ፣ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ "ጨረስኩት" አለኝ፣ ደስ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ከአልጋው አጠገብ ከግድግዳው የረገፈውን ጭቃ ስጠርግ ግን ከቀርቀሃው መሐል የተቋጠረች ፌስታል ዱብ አለች። ፈታኋት። ክኒን።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ለሚቀጥለው ጊዜ ያስቀመጥኩት ነው።"

"ከወባ ጋር ቀጠሮ አላችሁ?"

"ቆላ ስወርድ ይቸግረኛል። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።"

ይህስ እውነቱን ነው። የሰፈራችን ግድግዳ ሁሉ ቢፈርስ አንድ ጤና ኬላ የሚሞላ ክኒን ይወጣዋል። ግን ይህን ሲለኝ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር። ወባው ቀጠሮውን አክብሮ መጥቷል።

የሰኞን ውሎ ልንገርዎት። ላሟን አለብኩ፣ ጥጃው ጠጣ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ነከርኩ፤ የአዝመራውን አንገት ማለቴ ነው፣ የጥጃውን አይደለም። የተጣመመ ሚስማር በድንጋይ አቃናሁ፣ ጨርቁን ነከርኩ፣ ቆርቆሮውን ከይሄነው በረት ጎትቼ አመጣሁ፣ ጨርቁን ነከርኩ። ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። በዚህ አገር ሴት ጣሪያ ላይ እንደማትወጣ፣ ባሏ ከሥር ተኝቶ ሳለ ደግሞ ከቶ እንደማይሞከር ነግረውኛል፤ አልረሳሁም። ጣሪያው ግን ወደ እኔ አልወርድ አለ።

"ማነው ጣሪያ ላይ?" ይላል ልጅዎ ከአልጋው።

"ድመት ናት።"

"ድመት ሚስማር ትመታለች?"

"የዘንድሮ ድመት ያልተማረችው የለም።"

"ስሜነሽ፣ ውረጂ።"

"ድመቷ ስሟን አልነገረችኝም" ብዬ ቀጠልኩ። ጓዳው አሁን አያፈስም። መኝታ ቤቱ ትንሽ ያፈሳል፤ ባልዲ አስቀምጫለሁ።

መንገዱ ግን በአንዲት ድመት አይከፈትም። መጥረቢያና መጋዝ የያዘ ወንድ ይፈልጋል፤ እዚያ ጉብታ ላይ ወጥቶ ደቦ የሚጣራው ደግሞ አባወራው ነው። አባወራው ተኝቷል፤ ትልቁ ችግር ግን እሱ አይደለም፣ መተኛቱ እንዲሰማ አለመፈለጉ ነው። "ወባ እንደገና ጣለው እንዳይሉኝ" ብሎ አስምሎኛል። እኔም መሐላዬን አላፈረስኩም። ፀሐይ ስትገባ ጉብታው ላይ ወጣሁና በራሱ ድምፅ ተጣራሁ። ልጅዎ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ብዙም አልተቸገርኩም።

ዛሬ ማለዳ መጡ። ይሄነው ከፊት ነው።

"አዝመራው የታለ? ማታ ሲጣራ እኮ ጉልበቱ ተመልሶለት ነበር።"

"ተመልሶለት ነበር" አልኩት፣ "ተመልሶ ሄደ እንጂ።"

ወደ ውስጥ ገባ። ሲወጣ አልሳቀም።

"አንቺ ልጅ፣ በራስሽ ድምፅ ብትጣሪ አንመጣም ነበር?"

"ትመጡ ነበር። ነገ።"

ጋቢውን የወደቀው አጥር ላይ ጣል አደረገና መጋዙን አነሣ።

ረፋዱ ላይ የጤና ኬላዋ ልጅ መጣች። ነካችው፣ ዓይኑን ገልጣ አየች፣ ክኒኑን እንደገና ከመጀመሪያው እንዲጀምር ሰጠችው። ከዚያ ወደ ውጭ ጠራችኝ። "ይኼ ዳግመኛ ነው፣ ደሙ መታየት አለበት። ኢንጅባራ ሆስፒታል ይግባ፣ ነገን አያሳልፍ" አለችኝ። የምትቀልድ ልጅ ናት፣ ሁልጊዜ እንበሻሸቃለን። ዛሬ አልቀለደችም።

ወንዶቹ ሰሙና መጋዛቸውን ጥለው ቃሬዛ ሊያስሩ ቀርቀሃ ቆረጡ። አዝመራው የቀርቀሃውን ድምፅ ከውስጥ አወቀው።

"በቃሬዛ አልሄድም" አለ። "ከዚህ ቤት በቃሬዛ የወጣው አባዬ ነው።"

አባቱ እንዳልተመለሱ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ይሄነው "ታዲያ ነገ መንገዱ ሲከፈት በጋሪ ትሄዳለህ" አለው። "የትም አልሄድም፣ ተሽሎኛል" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ወደዚያ ክኒን ወደሚደብቅበት ግድግዳ። የተሰጠውንም ክኒን አልውጥም አለ።

እማማ፣ የእርስዎን ድምፅ እንደማወጣ ያውቃሉ። በጓሮ በኩል ሆኜ እንደ እርስዎ ስቆጣ ዶሮዎቹ ከእህሉ ላይ ሲበረግጉ አይተው ስቀዋል፤ ኋላ "እኔ አልሳቅኩም" ቢሉም። የስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን ያስጣለኝም ይኸው ሙያዬ ነው፤ የርእሰ መምህሩን ድምፅ አውጥቼ ተማሪውን በሙሉ በጠዋት ወደ ቤቱ አሰናብቼ ነበር። አውኝኛውን፣ የእናንተን ቋንቋ፣ ግን እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ከየት አመጣዋለሁ። ሲነገር እሰማዋለሁ፣ ለመናገር ነው ምላሴ የሚተሳሰረው። ከእርስዎ አፍ የለቀምኩት ብላ፣ ጠጣ፣ ዝም በል፣ ሂድ፣ አዎ፤ በቃ ይኸው ነው። አንድ ሰው ለማሳደግ ይበቃል መሰለኝ፤ እርስዎ ልጅዎን ያሳደጉት በእነዚሁ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ትኩሳቱ ከፍ አለ። ወንዶቹ ከታች ይገዘግዛሉ፤ እኔ ከአልጋው መጋረጃ ወዲህ ሆኜ ጨርቅ እጨምቃለሁ። "እማ" አለ። ከዚያ በአውኝኛ መናገር ጀመረ። ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የሚጣላው፤ አውኝኛው ለእርስዎ ነው። "እማ፣ የት ነሽ?" ይላል።

እንዲሁ አፌ ላይ መጣ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ፣ ያንን ከአፍንጫ የሚወጣውን ቁጣዎን ጨምሬ "ጠጣ" አልኩት።

እጄን በመጋረጃው ሥር አሳለፍኩ። ክኒኑን ተቀበለኝ፣ ውኃውን ተቀበለኝ፣ ዋጠ። ረፋዱን ሙሉ ለምኜ ለምኜ እምቢ ያለኝን። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ለይሄነው እንዴት አድርጌ እንደማወራለት ሁሉ እያሰብኩ ነበር።

ከዚያ ወሬ ጀመረ። "እማ፣ ስሜነሽን ከጣሪያው አውርጃት" አለ። "እኔ ብላት አትሰማኝም። ስትቀልድ ደህና የሆነች እንዳይመስልሽ። ስትፈራ ነው የምትቀልደው። ከተኛሁ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመችም። በጣም ፈርታለች፤ አትቆጫት።"

"ዝም በል" አልኩት። ያለኝ ቃል እሱ ነበር።

ይህን የተናገረው ለእርስዎ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። የሰው መልእክት ስለሆነ ሳልቀንስ ሳልጨምር አድርሻለሁ።

እኔም ድምፁን ከጀመርኩት አይቀር ብዬ "ሂድ" አልኩት። ወዴት እንደሆነ ገባው። ከዚያ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፣ ማለቴ ጠየቀዎት፦ "ሆስፒታሉ በር ላይ ቀድመሽ ቆመሽ ትጠብቂኛለሽ? ከጋሪው ስወርድ ልይሽ። ካየሁሽ እገባለሁ።"

ከማውቃቸው ቃላት ውስጥ "ጫግኒ ነኝ" የሚል የለም። "ለስሜነሽ ንገራት፣ እሷ አለችልህ" የሚልም የለም። "አዎ" አልኩት።

ተኛ። ሲነቃ ትኩሳቱ ጎድሎለት ነበር፤ ዓይኑ ሰው ይለያል፣ እኔን በስሜ ጠራኝ።

"ይሄነውን ጋሪውን ለነገ ያዘጋጅ በይው" አለኝ በአማርኛ። "እማ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች።"

"ማን ነገረህ?"

"ራሷ ናት የነገረችኝ።"

ጠፋኝ። ወደ ውጭ ወጥቼ ጭራሮ ለቀምኩ።

ለይሄነው ነገርኩት። መጋዙን ዛፉ ውስጥ እንደሰካ ትቶ ግንዱ ላይ ተቀመጠ።

"አንቺ መሆንሽን አላወቀም?"

"አላወቀም።"

"ባይመጡስ?"

"ይመጣሉ" አልኩት። "ቃል ገብተዋል።"

"እሳቸው መቼ ገቡ?"

"የሚሰሙት ገና ዛሬ ማታ ነው እንጂ፣ ገብተዋል።"

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ግን ሌሎቹን "ሳይመሽ እንጨርሰው" ሲላቸው ሰማሁት። ይህን ስጽፍ የመጨረሻዎቹን ግንዶች እየገፉ ነው፤ ጋሪው ነገ ያልፋል።

ስለዚህ እማማ፣ ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎት ሙሐባው ነው። ዛሬ ማታ ሚኒባሱን ይዞ ጫግኒ ያድራል፤ ነገ ገና ሳይነጋ የመጀመሪያው ወደ ላይ የሚወጣ እሱ ነው፣ የፊቱን ወንበር እንዲይዝልዎት ልኬበታለሁ። ወደ ቤት እንዳይመጡ። ቤቱን አያዩት፤ አጥሩም ድንቹም ያናድድዎታል፣ ባልዲውም መኝታ ቤት ነው። ኢንጅባራ መናኸሪያ ይውረዱና በባጃጅ ቀጥታ ሆስፒታሉ በር ይሂዱ። አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላዎን ይልበሱ፣ ከሩቅ እንዲለይዎት። እኛ በቀስታ ስለምንሄድ ይቀድሙናል። ባይቀድሙን ጋሪውን መንገድ ላይ አቆማለሁ፤ ፈረሱ አንክሷል እላለሁ፣ እሱን አያስቸግረኝም። በሩ ላይ ሳይኖሩ ግን አላደርሰውም።

ሲያየዎት መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ። የፈለጉትን ይበሉት፣ ይቆጡትም። እኔ ጋሪው ላይ ከኋላ ተቀምጬ ዝም እላለሁ፤ ድምፅዎን ለባለቤቱ መልሻለሁ። ስለ ጣሪያው ከዚያ በኋላ ይቆጡኛል። ከራስዎ አፍ ከሰማሁት ቆየ።

ምሕረት፣ እዚህ ላይ ማንበቡን አቁሚና ነጠላቸውን አውጥተሽ ራስጌያቸው አድርጊላቸው።

ምንም የማትፈራው ምራትዎ፣
ስሜነሽ